ስድስት ስም ያለው ደብተር

ከወልድያ ወደ ቆቦ በሚወስደው መንገድ አላ ውሃን ተሻግሮ ጎብዬ የወረደ እንግዳ «አያቴ የዚህ አገር ሰው ነበሩ» ቢል፣ ገና ሳይቀመጥ የሚጠየቀው «የማን ልጅ ነህ?» ተብሎ ነው። የአባቱን ስም ይናገራል፣ የአያቱን ይጨምራል። አራተኛው ላይ ከተማ ያደገ ሰው ምላሱ ይያዛል። ያን ጊዜ ከተሰበሰቡት አንዱ «እስቲ ቀበሌ ሂድና መዝገብ አስፈትሽ» ማለቱ አይቀርም።

ምክሩ ደግ ነው፤ ግን መዝገብ ሁሉ አንድ አይደለም።

ፈላጊው አብዛኛውን ጊዜ በልቡ ይዞት የሚሄደው የልደት መዝገብን ነው። እንዲህ ያለ መዝገብ እንዲኖር በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ በዝርዝር ተደንግጎ ነበር። ሆኖም ያው ሕግ ወደ መጨረሻው ሲደርስ፣ ስለ መዝገቡ የተጻፈው በትእዛዝ እስኪታወጅ ድረስ እንዳይሠራበት አገደው። ልደትም ጋብቻም ሞትም በምስክር ቃል ሲረጋገጥ ግማሽ ምዕተ ዓመት አለፈ። የወሳኝ ኩነት ምዝገባ አዋጅ ቁጥር 760 የወጣው በ2004 ዓ.ም.፣ በየቀበሌው ምዝገባ የተጀመረውም በ2008 ማብቂያ ላይ ነው። ስለዚህ የቀበሌው ሥራ አስኪያጅ የሚይዘው የልደት መዝገብ ሕፃናትን ያውቃል እንጂ አያትን አያውቅም። ለትልቅ ሰው የተሰጠ የልደት ማስረጃ ቢገኝም ቀኑ ብዙ ጊዜ መስከረም 1 ነው፤ አገሩ በሙሉ በእንቁጣጣሽ የተወለደ ይመስላል። ዓመቱም ቢሆን ከግምት አያልፍም።

አያት ያሉት መሬት መዝገብ ውስጥ ነው።

የአማራ ክልል ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ ለገበሬው የይዞታ ማረጋገጫ ደብተር ሲሰጥ፣ ባልና ሚስት በአንድ ደብተር ላይ አብረው እንዲሰፍሩ፣ ፎቶአቸውም እንዲለጠፍ አደረገ። ስም የሚመዘገበው «ከነአያት» ነው። እኛ ከአባት ወደ ልጅ ሳይለወጥ የሚወርድ የቤተሰብ ስም ስለሌለን ብዙ ጊዜ በውጭ አገር መሥሪያ ቤት እንቸገራለን፤ ለዘር ቆጣሪ ግን ይህ ጸጋ ነው። እያንዳንዱ ሰው በራሱ ላይ ሦስት ትውልድ ተሸክሟል። ሚስትም በባሏ ስም ስለማትጠራ የእርሷ አባትና አያት እዚያው አሉ። አንድ ደብተር፣ ስድስት ስም። በ1995 ሰባ ዓመት የሞላቸው ሰው ከተመዘገቡ፣ ሦስተኛው ስማቸው የክፉ ቀንን ረሃብ በልጅነቱ ያየ ሰው ሊሆን ይችላል።

እኔን ከስሞቹ ይልቅ የሚስበኝ ግን የአዋሳኞቹ ዝርዝር ነው። በምሥራቅ እገሌ፣ በምዕራብ እገሊት፣ በሰሜን መንገድ፣ በደቡብ የጎርፍ መውረጃ ይላል። አባት ሲሞት ማሳው ለልጆቹ ይቆራረሳልና፣ ድንበርተኛ ሆነው የተጻፉት ሰዎች ብዙ ጊዜ ሥጋ ናቸው። የአባታቸው ስም ከገጠመ ወንድምና እህት፣ የአያታቸው ብቻ ከገጠመ የአጎት ልጆች መሆናቸውን መጠርጠር ነው። በደርግ ጊዜ መሬት በቤተሰብ ብዛት ስለተደለደለ ጎረቤቱ ፈጽሞ ባዕድ የሚሆንበትም ጊዜ አለ፤ ለዚህ ነው መጠርጠር ያልኩት። ቢሆንም ፍለጋውን ከሰው ስም ከመጀመር ከማሳው መጀመር ይሻላል። አበራ የሚባል ሰው በአንድ ቀበሌ ውስጥ ብዙ ነው፤ የአያት ማሳ ያለበት ጎጥ ግን አንድ ነው፣ ስሙም ቶሎ አይለወጥም።

ከዚህ ደብተር በፊት የነበረው ወረቀት የገበሬ ማኅበር መዝገብ ነው። የካቲት 25 ቀን 1967 የገጠር መሬት የሕዝብ ሆኖ ሲታወጅ በየ800 ሄክታሩ ገበሬ ማኅበር እንዲቋቋም ተወሰነ፤ ማኅበሩም ባላገሩን በአባወራ መዘገበ። እዚህ ላይ ሴቶች ይጠፋሉ፤ ያለ ባል ቤቷን የምትመራ ካልሆነች በቀር ሴት በስሟ አትገኝም። ሁለት ሚስት የነበረው ሰው ቤትም ለወረቀቱ አንድ ቤት ብቻ ሆኖ ሊታይ ይችላል።

ከ1967 ወዲያ ማዶ ያለው ሁሉ የሰው ቃል ነው ቢባል ብዙም ስህተት የለውም። ይህ ቃል ግን እንደ ተረት የሚቆጠር አይደለም። በሰሜኑ አገር ርስት በአባትም በእናትም ስለሚቆጠር፣ መሬት የሚጠይቅ ሰው በዳኛ ፊት ቆሞ ራሱን እስከ አቅኚው አባት ድረስ በስም እየቆጠረ ማድረስ ነበረበት። አንድ ስም ቢያሳስት ተቃራኒው እዚያው ያፈርሰዋል። ሐረግ ማወቅ እንጀራ ነበር። ጋብቻም እስከ ሰባት ቤት ተቆጥሮ ስለሚከለከል ሽማግሌ ሁሉ ቆጠራ ለምዶ ነበር። የ1967ቱ አዋጅ ርስትን ሲያስቀር ሐረግ የማስታወስ ዋናው ምክንያትም አብሮ ቀረ። ቃሉ መሳሳት በጀመረበት ዓመት ወረቀቱ ጀመረ። የፈላጊው ከባድ ሥራ ሁለቱን ማጋጠም ነው፤ መጋጠሚያውም በ1967 ጎልማሳ የነበረ፣ ስሙ በማኅበሩ መዝገብ ውስጥ ያለ፣ እርሱ ደግሞ አያቶቹን በቃሉ የሚያውቅ ሰው ነው። እንዲህ ያለ ሰው ዛሬ በሕይወት ካለ ከመዝገብ ቤቱ በፊት እርሱ ዘንድ መሄድ ይገባል። መዝገቡ ይቆያል፤ እርሱ አይቆይም።

ስም ራሱ ያሳስታል። ቄሱ ለፍትሐትና ለተስካር የሚጠሩት የክርስትና ስም በማሳው ደብተር ላይ ካለው ጋር አይገናኝም። ወልደ ጊዮርጊስና አበራ አንድ ሰው ሊሆኑ ይችላሉ። በወሎና በራያ ደግሞ እስላምና ክርስቲያን በአንድ ቤት ስለሚወለዱ፣ አባቱ መሐመድ አያቱ ተሰማ የሆነ ስም ሲገኝ ጸሐፊው ተሳስቷል ብሎ ማለፍ አይገባም።

ሐረጉ በድንገት የሚበጠስበት ዓመትም አለ። በ1977ቱ ድርቅ ጊዜና ከዚያ በኋላ 600,000 ገደማ ሕዝብ ወደ ምዕራብና ደቡብ ምዕራብ ሲሰፍር የሚበዛው ከወሎ የሄደ ነበር። ጎብዬ ላይ የጠፋ አጎት መተከል፣ ጳዌ ውስጥ ልጅ ወልዶ ይገኝ ይሆናል። የድሮ ፋይል የሚፈልግ ሰው የአስተዳደሩንም ስም መለወጥ ይወቅ። በንጉሡ ዘመን አገሩ በወሎ ጠቅላይ ግዛት ሥር ራያና ቆቦ አውራጃ ሲሆን የጠቅላይ ግዛቱ መቀመጫ ደሴ ነበር። ዛሬ የሰሜን ወሎ ዞን መቀመጫ ወልድያ፣ የራያ ቆቦ ወረዳ ደግሞ ቆቦ ነው። የውርስ ክርክር ተነሥቶ ከነበረ የወረዳው ፍርድ ቤት መዝገብ ወራሾችን አንድ በአንድ ስለሚቆጥር ከሁሉ የተሟላው እርሱ ነው፤ በዘመድ ጠብ የተጻፈ ወረቀት ለዘመድ ፈላጊ ይጠቅማል።

የሰሜኑ ጦርነት በ2013 ክረምት ራያ ቆቦ ሲደርስ፣ በ2014 ነሐሴም ሲመለስ፣ በሰሜን ወሎ ብዙ ጽሕፈት ቤት ተዘርፏል፣ ሰነድም ጠፍቷል። ከቢሮው የጠፋው አንዳንዴ የሚገኘው ገበሬው ከዘሩና ከነጠላው ጋር ሣጥን ውስጥ ባስቀመጠው ደብተር ነው።

ያን ሣጥን ማስከፈት ግን ቀላል አይደለም። ርስት በሺህ ዓመቱ ለባለቤቱ በሚባልበት አገር፣ ከሩቅ መጥቶ አያቱን እየቆጠረ የአዋሳኝ ስም የሚጠይቅ ሰው አንድ ነገር ብቻ ነው የሚመስለው፦ መሬት ሊካፈል የመጣ ወራሽ። «መሬት አልፈልግም፣ ስም ብቻ ነው የምፈልገው» ቢል የሚያምነው የለም። ደግሞ ማን ነው ለስም ብሎ ከአዲስ አበባ፣ ከአሜሪካ ድረስ የሚመጣ? የቡናው አቦል በዝምታ ይጠጣል። ቶናው ላይ የዘመድ ሞት ይነሣል። ደብተሩ ከመጣም ከበረካው በኋላ ነው፤ እርሱም በባለቤቱ እጅ እንደተያዘ ይነበባል።