ኳስ የሚመስለው ሞለኪውል



ከጥቁርና ከነጭ ቁራጭ ተሰፍቶ የሚሠራውን የእግር ኳስ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ቁራጮቹን ግን ቆጥራችሁ ታውቃላችሁ? ጥቁሮቹ ባለ አምስት ጎን ሲሆኑ ብዛታቸው 12 ነው። ነጮቹ ባለ ስድስት ጎን ሲሆኑ 20 ናቸው። ልክ ይህን ቅርጽ የያዘ፣ በዓይን የማይታይ ሞለኪውል አለ። ካርቦን 60 ይባላል፤ ፉለሪን ከሚባሉት ሞለኪውሎች ዋነኛው ነው።

ካርቦን ለእኛ እንግዳ አይደለም። የምናነደው ከሰልና በድስት ቂጥ ላይ የሚለጠፈው ጥላሸት በአብዛኛው ካርቦን ናቸው። በእርሳሳችሁ ውስጥ ያለው ግራፋይትም፣ አልማዝም ካርቦን ናቸው። ታዲያ አንዱ ለስላሳ፣ ሌላው እጅግ ጠንካራ የሆነው ለምንድን ነው? ልዩነቱ ያለው በአቶሞቹ አደራደር ነው። በአልማዝ ውስጥ እያንዳንዱ አቶም ከአራት ጎረቤቶቹ ጋር በሁሉም አቅጣጫ ተቆላልፏል። በግራፋይት ውስጥ ግን አቶሞቹ እንደ ማር እንጀራ ሆነው በስስ ንጣፍ ይደረደራሉ። ንጣፎቹ እርስ በርስ ስለሚንሸራተቱ እርሳስ ወረቀት ላይ ይጽፋል።

በ1985 እ.ኤ.አ. ሃሮልድ ክሮቶ፣ ሮበርት ከርል እና ሪቻርድ ስሞሊ ከተማሪዎቻቸው ጋር በአሜሪካ በራይስ ዩኒቨርሲቲ ግራፋይትን በሌዘር ጨረር አተነኑ። ከተነነው ካርቦን ውስጥ 60 አቶም ያለው ሞለኪውል በብዛት ተገኘ። ቅርጹ ምን ይሆን? ስሞሊ ማታ ቤቱ ተቀምጦ ወረቀት በመቀስ እየቆረጠ ሞከረ። ባለ ስድስት ጎን ብቻ ሲያያይዝ አልዘጋ አለው። ባለ አምስት ጎን ሲጨምርበት ግን ወረቀቱ እየጎበጠ ሄዶ ክብ ሆነ፤ ማዕዘኖቹም 60 ሆኑ። ስሙን ያገኘው ተመሳሳይ ክብ ጣሪያ ይሠራ ከነበረው አሜሪካዊ አርክቴክት ከባክሚንስተር ፉለር ነው። ሦስቱ ሳይንቲስቶች በ1996 እ.ኤ.አ. የኬሚስትሪ ኖቤል ሽልማት ተቀበሉ።

ይህ ሞለኪውል ምን ጠባይ አለው?

1. አልማዝና ግራፋይት በተራ ፈሳሽ አይሟሙም። ካርቦን 60 ግን ቶሉይን በሚባል ፈሳሽ ውስጥ ይሟሟል፤ ጥቁሩ ዱቄት ሐምራዊ ሙሙት ይሰጣል።

2. ውስጡ ባዶ ነው። ሳይንቲስቶች በአንዳንድ ፉለሪኖች ውስጥ የብረታ ብረት አቶም ማስገባት ችለዋል።

3. ኤሌክትሮን መቀበል ይወዳል። ከፖታሲየም ጋር ሲዋሃድ፣ ከዜሮ በታች 250 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ሲቀዘቅዝ፣ ኤሌክትሪክን ያለ ምንም ተቃውሞ ያስተላልፋል። ይህ የታወቀው በ1991 እ.ኤ.አ. ነው።

ተማሪዎች ሆይ፣ ቤተ ሙከራ ስለሌለን ሳይንስ አይደርሰንም አትበሉ። የዚህን ሞለኪውል ቅርጽ ለማወቅ የረዳው ወረቀትና መቀስ ነው። እናንተም ሞክሩት። ከአሮጌ ደብተር 12 ባለ አምስት ጎንና 20 ባለ ስድስት ጎን ቁረጡ፤ የሁሉም ጎን ርዝመት እኩል ይሁን። እያንዳንዱን ባለ አምስት ጎን በባለ ስድስት ጎኖች ክበቡት። ወላጆችም በመቀሱ ለታናናሾቹ እርዷቸው፤ ሙጫ ከሌለ በውሃ የተበጠበጠ ጥቂት ዱቄት ይበቃል።

ከዚያ አስሉ። 12 በ5 ሲባዛ 60፣ 20 በ6 ሲባዛ 120፤ ድምሩ 180 ነው። በእያንዳንዱ ማዕዘን ሦስት ቁራጮች ስለሚገናኙ 180 ለ3 ሲካፈል 60 አቶም ይሆናል። አቶሞቹን የሚያያይዙት ጠርዞችስ ስንት ናቸው? ኳሳችሁን ይዛችሁ ቁጠሩ፤ መልሱን ለመምህራችሁ አሳዩ።