ድረ ገጹስ ተከፈተ፤ ጎብኚው ከየት ይምጣ?

ድረ ገጽ ከፈታችሁ እንበል። ስም ገዛችሁ፣ አሳመራችሁ፣ ፎቶ ለጠፋችሁ፣ ለጓደኛ ሁሉ “ግቡና እዩልኝ” አላችሁ። በመጀመሪያው ሳምንት አርባ ሰው ገባ። በሁለተኛው ሳምንት ሦስት። ከሦስቱ ሁለቱ ደግሞ እናንተው ራሳችሁ ናችሁ! ታዲያ ምን ይሻላል?

ድረ ገጽ መሥራት እንጀራዬ ስለሆነ ይህን ጥያቄ የማይጠይቀኝ ሰው የለም። ሰዉ መድኃኒቱን በኪሴ ይዤ የምዞር ይመስለዋል። ዛሬ ግን የአንድ የኮኪት ልጅን ጉዳይ ላንሣ፤ የእሱ ችግር የብዙዎቻችሁ ችግር ነውና።

ኮኪትን ለማታውቋት፣ ከጎንደር ወደ መተማ ዮሐንስ ስትወርዱ ገንዳ ውኃን አልፋችሁ የምታገኟት የቆላ ከተማ ናት። ሙቀቱ አይጣል ነው! የአገሩ ሀብት ሠሊጥ፣ ጥጥና ማሽላ ነው። የልጁ አባት ሠሊጥ ያመርታሉ። እሱ ዩኒቨርስቲ ጨርሶ ሥራ ሲያጣ የቆላውን ሠሊጥ ከገዢ ጋር የሚያገናኝ ድረ ገጽ ከፈተ። ሐሳቡ ደህና ነበር፤ የሚያየው ጠፋ እንጂ። ይኼኔ ነው እንግዲህ በቴሌግራም የተዋወቀው አንድ “ባለሙያ” “አሥር ሺህ ጎብኚና አምስት መቶ ሊንክ እሸጥልሃለሁ” ያለው። የተጠየቀው ገንዘብ ከየት ሊመጣ ነው? አባትየው ለሳሉግ፣ ማለትም ለአረምና ለአጨዳ ከደጋ ለሚወርደው የቀን ሠራተኛ ካስቀመጡት! ሠሊጥ ደግሞ በወቅቱ ካልታረመ አለቀለት።

“ጋሼ፣ ልክፈል ወይስ ልተው?” ብሎ ደወለልኝ።

“አንዲት ብር እንዳትሰጠው!” አልኩት።

ለምን? በመጀመሪያ ያ የሚሸጠው “ጎብኚ” ሰው አይደለም። ገጹን ከፍቶ የሚዘጋ ፕሮግራም ነው። ቁጥሩ ይጨምራል፣ አንድ ኩንታል ሠሊጥ ግን አይገዛም። ሊንኩስ? እሱን ለመረዳት ጉግል እንዴት እንደሚያስብ ማወቅ ያስፈልጋል። ላሪ ፔጅና ሰርጌ ብሪን የሚባሉ ሁለት የስታንፎርድ ተማሪዎች በ1998 እ.ኤ.አ ኩባንያውን ሲያቋቁሙ ይዘውት የመጡት ሐሳብ ለእኛ ለሐበሾች አዲስ አይደለም፤ ዋስ ነው። አንድ ድረ ገጽ ወደ እናንተ ሊንክ ሲያደርግ “ይህን ሰው አውቀዋለሁ” ብሎ ዋስ እንደሆነላችሁ ይቆጠራል። አሥር ሥራ ፈት ዋስ ከምትደረድሩ አንድ የታወቀ ደመወዝተኛ ብታመጡ አይሻልም? ጉግልም እንደዚያው ነው። በ2012 እ.ኤ.አ ደግሞ “ፔንግዊን” የተባለ ማጣሪያ አወጣና በግዢ ዋስ የከበሩትን ድረ ገጾች ከፊት ረድፍ አንሥቶ ወደ ኋላ ጣላቸው። ልጁ ቢከፍል ኖሮ የሚገዛው ይህንን ነበር።

እሺ፣ በነፃ የሚመጣውስ ዋስ እንዴት ይገኛል? እኔ የምለው፣ ሌላ ቦታ የሌለ ነገር ይኑራችሁ። “ሠሊጥ ለጤና ያለው ጥቅም” ብላችሁ ብትጽፉ ከዓለም ሁሉ ጋር ልትጋፉ ነው። “የዚህ ሳምንት የሠሊጥ ዋጋ በኮኪት” ብትሉስ? ማን ይወዳደራችኋል? የኢትዮጵያ ምርት ገበያ በ2000 ዓ.ም ሥራ ከጀመረ ወዲህ የራሱን ዋጋ ይፋ ያደርጋል፤ ኮኪት ላይ ገበሬው እጅ በእጅ የሸጠበትን ግን የሚያውቀው እዚያ ያለ ሰው ነው። ዝናቡ መቼ ጣለ? የአረም የቀን ሒሳብ ስንት ገባ? አጨዳው ተጀመረ? ሠሊጥ እንደሆነ አንድ ሳምንት ቢዘገዩበት ፍሬው ከመሬት ይረግፋል፤ ስለዚህ ይህን ወሬ ጎንደር ያለው ነጋዴም አዲስ አበባ ያለው ላኪም ይፈልገዋል። ልጁ በየቅዳሜው ዋጋ መዝግቦ እንዲያወጣ፣ ያለፈውንም ሳይሰርዝ እንዲያከማች መከርኩት። ክምችቱ ነው ሊንክ የሚያመጣው። የመመረቂያ ጽሑፍ የሚሠራ ተማሪና ጋዜጠኛ ምንጭ የሚያደርገው የከረመ መዝገብ ነዋ!

ደግሞ መተማ ሠሊጥ ብቻ አይደለችም። አፄ ዮሐንስ አራተኛ በመጋቢት 1881 ዓ.ም የወደቁባት ምድር ናት። ሥፍራውን በፎቶና በካርታ አስደግፎ የሚያሳይ ገጽ ብታወጡ የታሪክ ተማሪ ይፈልገዋል። በሚያዝያ 2015 ዓ.ም የሱዳን ጦርነት ሲፈነዳ ብዙ ሺህ ስደተኛ በመተማ በኩል ሲገባ ደግሞ የዓለም ጋዜጠኛ ሁሉ “መተማ የት ናት?” ይል ነበር። (በዚህ ላይ አንድ ነገር ልበል። ስለ ድንበር ስትጽፉ ጠንቀቅ በሉ። የሰው ፊትና ስም፣ የወታደር እንቅስቃሴ ለጎብኚ ቁጥር ተብሎ አይለጠፍም።)

አሁን ደግሞ ብዙዎቻችሁ ወደምትናቁት ነገር ልግባ፤ ወደ ፊደል። ሠሊጥን አንዱ በንጉሡ “ሠ” ሌላው በእሳቱ “ሰ” ይጽፋል። ዓመትን በዓይኑም በአልፋውም የሚጽፍ አለ። ስለዚህ በርዕሱ ላይ አንዱን ከተጠቀማችሁ በጽሑፉ ውስጥ ሌላውንም አስገቡ። በላቲን ፊደል ሲሆንማ ጭራሽ ነው! መተማን አንዱ በአንድ “ኤም” ሌላው በሁለት ይጽፋል። የድረ ገጻችሁን ስም ስትመርጡ በስልክ ነግራችሁት ሰው ሳይሳሳት የሚጽፈው መሆኑን በአክስታችሁ ላይ ሞክሩ።

ሌላም አለ። በድሮ ጊዜ የአማርኛ ድረ ገጾች እያንዳንዳቸው የየራሳቸው የፊደል ፕሮግራም ነበራቸው፤ እሱ የሌለው ኮምፒውተር የሚያሳየው ትርጉም የለሽ ምልክት ነበር። ፊደላችን በ1999 እ.ኤ.አ ዩኒኮድ ከሚባለው ዓለም አቀፍ ሥርዓት ገብቶ ተገላገልን። ታዲያ ዛሬ ዋጋውን፣ አድራሻውን፣ ሁሉንም በፖስተር ሥዕል ላይ ጽፎ መለጠፍ ምን ይሉታል? ሥዕል ውስጥ የተጻፈን አማርኛ መፈለጊያው ያነብልኛል ብላችሁ አትተኙ። ጽሑፉን በጽሑፍነቱ አስቀምጡት።

ከዚያ ጉግል “ሰርች ኮንሶል” የሚለው ነፃ መሣሪያ አለ። ተመዝገቡና የገጾቻችሁን ዝርዝር ስጡት። ሰው በምን ቃል ፈልጎ እንዳገኛችሁም ይነግራችኋል። ሱቅ ወይም መጋዘን ካላችሁ በጉግል ካርታ ላይ አስመዝግቡ፤ ይህም በነፃ ነው። በቴሌግራም ቻናል የዛሬውን ዋጋ ብቻ ልቀቁ፣ የወሩን ለሚፈልግ ሊንኩን ከሥሩ አድርጉ። አድራሻችሁን በደረሰኙና በጆንያው ላይ አትሙ። ዊኪፔዲያ ላይ ሄዳችሁ የራሳችሁን ሊንክ መሰግሰግ ግን ይቅርባችሁ። ከ2007 እ.ኤ.አ ጀምሮ ከዚያ የሚወጣ ሊንክ ለዋስነት እንዳይቆጠር ምልክት ይደረግበታል፤ ማስታወቂያ ከመሰለም አርታኢዎቹ ያነሡታል።

ልመናስ ነውር ነው? አይደለም፤ አለማመኑን ማወቅ ነው እንጂ። “እባክዎ ሊንክ ያድርጉልኝ” ብላችሁ ለመቶ ሰው አንድ ዓይነት ደብዳቤ አትበትኑ። ስለ ሠሊጥ የጻፈ አንድ ሰው ፈልጉ፣ ጽሑፉን እስከ መጨረሻው አንብቡ፣ ከዚያ “እርስዎ የጠቀሱት የአምና ዋጋ ነው፤ የዘንድሮው እኔ ዘንድ አለ” በሉት። የጠቀሰው ሊንክ ሞቶ ከሆነ እሱንም ንገሩት፤ ያመሰግናችኋል። ጋዜጣና ሬዲዮ ቁጥራችሁን ወስዶ ምንጭ ሳይጠቅስ ቢቀር (ይህ እንኳ የአገራችን አመል ነው!) በትሕትና ደውላችሁ ጠይቁ። ልጁ አሥራ አንድ ደብዳቤ ጽፎ ሁለት መልስ አገኘ። ሁለቱም ሊንክ አደረጉለት። ከአምስት መቶው ይልቅ እነዚህን ሁለቱን እመርጣለሁ።

ገጻችሁም ቀላል ይሁን። ኔትወርኩን ታውቁታላችሁ። በአማራ ክልል ከሐምሌ 2015 ዓ.ም መጨረሻ ጀምሮ የሞባይል ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ተዘግቶ ነበር። ኮኪት ሆናችሁ መክፈት ባትችሉ እንኳ ድረ ገጹ ያለው ሩቅ አገር ካለ ኮምፒውተር ላይ ስለሆነ፣ ጎንደር ዋይፋይ ያለው ዘመድ በስልክ ያነበባችሁለትን ዋጋ ሊያስገባላችሁ ይችላል። እንዲህ ያለ ሰው ዛሬውኑ አዘጋጁ።

የሳሉጉ ገንዘብ ለሳሉግ ተከፈለ፤ ሠሊጡም ታረመ። ከሦስት ወር በኋላ ሰርች ኮንሶሉን አብረን ከፈትነው። ጎብኚው ብዙ አይደለም፤ በቀን ሠላሳ፣ አርባ ቢሆን ነው። የሚገርመው የመጡበት ቃል ነው። “የሠሊጥ ዋጋ” ሁለተኛ ወጣ። አንደኛው “ከመተማ ወደ ጎንደር መኪና ስንት ሰዓት ይነሣል?” የሚል ነበር። በድረ ገጹ ላይ ስለ መኪና አንድ መስመር ብቻ ነበር የጻፈው። በማግሥቱ ጧት መናኸሪያ ሄዶ ተራ አስከባሪውን ሲጠይቅ ዋለ።