የተነሳ ፊት፣ ያልተነሳ ዲፈረንሻል

ከደብረ ብርሃን አንኮበር 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። መንገዱ ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍታ ያለውን ደጋ አቋርጦ ገደሉ አፋፍ ላይ ይደርሳል፤ ከአንኮበር ወዲያ ወደ አልዩ አምባ ቁልቁለት ነው። የሸዋ ነገሥታት ለመቀመጫ የመረጡት ይህ አፋፍ ለመከላከል ይመቻል፣ ለመኪና ግን አይራራም። ክረምት ሲገባ ደግሞ ደጋው ላይ ያለው የገጠር መንገድ መረሬ ጭቃ ይሆናል። እዚህ አገር ላንድ ክሩዘር ወይም ሃይሉክስ የያዘ ሰው «ፊቱን ትንሽ አስነሳው» መባሉ አይቀርም። ምክሩ ሁልጊዜ ስህተት ነው ማለት አይደለም። አብረውት ከሚነገሩት ነገሮች ግን ብዙዎቹ ስህተት ናቸው።

ዋናው «ፊቱ ከተነሳ ሥሩ መሬት አይነካም» የሚለው ነው። የ70 ተከታታይ ላንድ ክሩዘር የፊት አክስሉ ልክ እንደ ኋላው ወጥ ነው። ረዘም ያለ ሞላ ሲገባለት ሻንሲው፣ ሞተሩና ባምፐሩ ከፍ ይላሉ፤ ዲፈረንሻሉ ግን አክስሉ ላይ ስለሆነ ከነበረበት ንቅንቅ አይልም። በጭቃ ቦይ ውስጥ መሬቱን እያረሰ መኪናውን የሚያስቆመው ደግሞ እሱ ነው። ዲፈረንሻሉን ከመሬት የሚያርቀው ጎማ ነው፤ ያውም ከላይ እስከ ታች ቁመቱ 5 ሳንቲ ሜትር የጨመረ ጎማ ከሥር የሚያተርፈው 2.5 ሳንቲ ሜትር ብቻ ነው። በፕራዶና በሃይሉክስ የፊት ዲፈረንሻሉ ሻንሲው ላይ ስለታሰረ አብሮ ይነሳል፣ የኋላው ግን ያው ነው። ፊትን ማስነሳት በእርግጥ የሚጠቅመው ድንጋያማ አቀበት ሲጀመር ባምፐሩ እንዳይመታ ነው።

«ቶርሽን ባሩን ካጠበቅኸው ይጠነክራል» የሚባለውም ልክ አይደለም። ቶርሽን ባር ባላቸው የቆዩ ሃይሉክሶችና ፓጄሮዎች ብሎኑን ማጥበቅ የመኪናውን ቁመት ይለውጣል እንጂ የብረቱን ጥንካሬ አይለውጥም። ከዚያ በኋላ መኪናው የሚያንገጫግጨው ጎማው ወደ ታች የሚወርድበት ቦታ ስላለቀበት ነው። ጉድጓድ ላይ ጎማው መሬቱን መከተል ያቅተዋል፤ ሲቪ ጆይንቱና ቦል ጆይንቱም ከልካቸው ባለፈ ማዕዘን እየሠሩ ቶሎ ያልቃሉ። ሞላና አሞርዛተር አንድ ላይ በተሠሩበት መኪና ከላይ የሚገባ ስፔሰርም ተመሳሳይ ጣጣ አለው። የ2.5 ሳንቲ ሜትር ስፔሰር ፊቱን ወደ 5 ሳንቲ ሜትር ያነሳዋል፤ አሞርዛተሩ የሚታሰረው በታችኛው ክንድ መሃል አካባቢ ስለሆነ ነው። ርካሽ ስለሆነ ብቻ «ቀላል ሥራ ነው» ብሎ ማመን አይገባም።

«አላይመንት አያስፈልገውም» የሚለው ከሁሉም አደገኛው ነው። የፊት ሞላ ያለው ላንድ ክሩዘር 5 ሳንቲ ሜትር ሲነሳ 2 ዲግሪ ገደማ ካስተር ያጣል። ካስተር መሪው ከተጠመዘዘ በኋላ በራሱ እንዲመለስ የሚያደርገው ማዕዘን ነው። ሲቀንስ መኪናው በገጠር መንገድ ደህና መስሎ ይቆይና ወደ አዲስ አበባ በሚወስደው አስፋልት ላይ ሲፈጥን ግራና ቀኝ ይዋልላል። የፊት መብራቱም ወደ ላይ ያያል፤ በጣርማ በር ተራራ ጉም ውስጥ ይህ ለነጂውም ከፊት ለሚመጣውም ዓይን ማጥፋት ነው። የፍሬን ቱቦውም መወጠር አለመወጠሩ ይታይ።

በጎን ባዘነበለ መንገድ መገልበጥን የሚወስነው በግራና በቀኝ ጎማዎች መካከል ያለው ርቀትና የክብደቱ ማዕከል ከፍታ ነው። ማዕከሉ ከ75 ወደ 80 ሳንቲ ሜትር ከፍ ቢል መኪናው ላለመገልበጥ ያለው አቅም በ6 በመቶ ገደማ ይቀንሳል። ላዩ ላይ ጭነትና ሰው ሲጨመር ደግሞ ይብሳል።

ብዙ ጊዜ «አነሰ» የሚባለው ቁመት ፋብሪካው የሰጠው፣ ሞላው ወይም ባሌስትራው ሲደክም የጠፋ ነው። ስለዚህ መጀመሪያ መኪናውን ደልዳላ ቦታ አቁመው ከጎማው መሃል እስከ ፓራፋንጎው ጠርዝ ግራና ቀኙን ይለኩ። ከደከመ ሞላውን ይቀይሩ፤ ከባድ ባምፐር ወይም ዊንች ካለ ለዚያ ክብደት የተሠራ ሞላ ያስገቡ። ከዚያም የጭቃ ጎማ ይግዙ። ይህ ሁሉ ተደርጎ ካልበቃ 5 ሳንቲ ሜትር ማስነሳት ይበቃል፤ ሥራውን የሠራው ጋራዥ ካስተሩን ሳይለካ፣ መብራቱን ሳያስተካክል ቁልፍ ቢሰጥዎ ግን መኪናውን አይረከቡ።