ጥር 2 በገንዳ ውሃ፦ ከምርመራው የቀደመ ስም

ከጎንደር ተነስቶ በአይከል በኩል ወደ ቆላው የሚወርደው አስፋልት ገንዳ ውሃ ሲደርስ ወበቁ ፊትን ይገርፋል። የአገሩ ሰው ከተማዋን ሸኸዲም ይላታል። የምዕራብ ጎንደር ዞን መቀመጫ፣ የሰሊጥ፣ የጥጥና የማሽላ አገር ናት፤ በአረምና በአጨዳ ወራት ከደጋው የሚወርደው ሳሉግ የሚባለው የጉልበት ሠራተኛ ጥላ ፈልጎ የሚያርፍባት። መንገዱ ከዚያ ኮኪትን አልፎ መተማ ዮሐንስ ይደርሳል፤ ድንበሩን ሲሻገር ገላባት ነው። ሰሊጡም፣ ሸቀጡም፣ ስደተኛውም፣ በስውር የሚገባው ጠመንጃም የሚያልፉት በዚሁ አንድ መንገድ ነው። ስለዚህ በዚህ አገር “ይህ መኪና ቆሞ ይፈተሽልን” የሚል ሰው ሲነሳ ለምን አለ ተብሎ አይጠየቅም። መጠየቅ ያለበት ከዚያ በኋላ የሆነው ነው።

ጥር 2 ቀን 2011 ዓ.ም. የሆነው ይህ ነው። የሱር ኮንስትራክሽን ተሽከርካሪዎች በመከላከያ ሠራዊት ታጅበው በአካባቢው ሲያልፉ ነዋሪው መንገድ ዘጋ። ጥርጣሬው ግልጽ ነበር፤ ድርጅቱ የኤፈርት ነው፣ ኤፈርት ደግሞ የሕወሓት ነው፣ ስለዚህ መኪኖቹ ለቅማንት ታጣቂዎች መሣሪያ ጭነው ይሆናል የሚል። ይፈተሹ፣ አይፈተሹም በሚል ክርክር ተጀምሮ ተኩስ ተከፈተ። በገንዳ ውሃና በኮኪት ሰላማዊ ሰዎች ሞቱ፣ ቆሰሉ። ኃላፊነቱ የማን ነው በሚለው ላይ የነዋሪውና የጸጥታ ኃይሉ አነጋገር አልገጠመም። አንዱ ወገን ባዶ እጁን ፍተሻ የጠየቀ ሕዝብ አየ፤ ሌላው በሕዝብ ውስጥ የተሸሸገ ሌላ እጅ ፈለገ።

የታሪኩ ግማሽ ግን ይህ ብቻ ነው። ብዙዎቻችን ስለ ገንዳ ውሃ ስንናገር ሁለተኛውን ግማሽ እንተወዋለን፤ እኔ መተው አልፈልግም። አምነስቲ ኢንተርናሽናል በግንቦት 2012 ባወጣው ሪፖርት፣ በዚያው ጥር 2 እና በማግስቱ በመተማ በ24 ሰዓት ውስጥ ቢያንስ 58 ሰዎች መገደላቸውን ገልጿል። በሪፖርቱ መሠረት ጥቃቱ ያነጣጠረው በቅማንት ተወላጆች ላይ ነበር፤ በአድራጊነት የተጠቀሱትም የአማራ ክልል ልዩ ኃይል፣ ሚሊሻና ወጣቶች ናቸው። እንግዲህ በአንድ ቀን፣ በአንድ መንገድ ላይ፣ ሁለት ዓይነት ሙታን ነበሩ። ኮኪት ላይ የወደቀውን በጥርጣሬ የሚያየው ወገን “ከኋላው ሌላ ኃይል አለ” ይላል። መተማ ላይ የወደቀውን የሚያየው ሌላው ወገንም “የሕወሓት ተላላኪ ነበር” ይላል። የሁለቱም ሬሳ ገና ሳይነሳ ስም ወጥቶለታል።

የቅማንት የማንነትና የራስ አስተዳደር ጥያቄ እንዲህ ሆኖ አልጀመረም። በ1987ቱ የሕዝብ ቆጠራ 172,327 ሰው ቅማንት ተብሎ ተመዝግቦ ነበር፤ በ1999ኙ ቆጠራ ስሙ ራሱ ከዝርዝሩ ወጣ። ጥያቄው ያን ጊዜ በርትቶ ተነሳ። የክልሉ ምክር ቤት በ2007 ለ42 ቀበሌዎች የራስ አስተዳደር ፈቀደ፤ መስከረም 7 ቀን 2010 በስምንት ቀበሌዎች ሕዝበ ውሳኔ ተካሄደና ሰባቱ በነበሩበት ለመቆየት መረጡ። ድምፅ የተሰጠበት ጉዳይ ነበር። ግን ጠመንጃ ገባበት፤ ጠመንጃው ከገባ ወዲያ የጠየቀውን ከተኮሰው የሚለይ ጠፋ። ከውጭ ያገዘ የለም ማለቴ አይደለም። ያገዘ ካለ በስም፣ በገንዘብ ልክ፣ በመሣሪያ ቁጥር ተለይቶ ችሎት ፊት ይቅረብ ነው የምለው። “ከኋላው እገሌ አለ” የሚለው ቃል ብቻውን ማስረጃ ሆኖ ስንት ጊዜ እንደተገደለበት ቆላው ያውቃል።

ቃሉ በየዘመኑ ይለዋወጣል። በ2008 “ፀረ ሰላም ኃይሎች” ነበር። ሐምሌ 5 ቀን የወልቃይት የማንነት ጥያቄ ኮሚቴ አባሉን ኮሎኔል ደመቀ ዘውዱን ለመያዝ የተሞከረ ዕለት ጎንደር ተናጠች፤ ሐምሌ 24 ቀን እጅግ ብዙ ሕዝብ በዚያችው ከተማ አደባባይ ወጥቶ በሰላም ገባ። ሳምንት ቆይቶ ነሐሴ 1 ቀን ባሕር ዳር ላይ ጥይት ተተኮሰ፤ አምነስቲ በከተማዋ ቢያንስ 30 ሰው ሞተ አለ። የተባበሩት መንግሥታት የሰብአዊ መብት ኮሚሽነር ዘይድ ራአድ አል ሁሴን ገለልተኛ ታዛቢዎች ይግቡ ሲሉ መንግሥት አልተቀበለም። በመስከረም 2009 የአስቸኳይ ጊዜ ዐዋጅ ወጣ፤ ቃል አቀባዩ ጌታቸው ረዳ ከሁከቱ ጀርባ የኤርትራና የግብፅ እጅ እንዳለ ተናገሩ። የሰብአዊ መብት ኮሚሽን በሚያዝያ ለፓርላማ ባቀረበው ሪፖርት በሦስት ክልሎች 669 ሰው መሞቱን አመነ፤ ከእነዚህ 140ው በአማራ ክልል ነበሩ።

ከዚያ የሆነውን ሁሉም ያውቀዋል። በ2003 አሸባሪ የተባለው ግንቦት 7 በ2010 ከዝርዝሩ ተፋቀና ለመሪዎቹ አዲስ አበባ ላይ በአበባ አቀባበል ተደረገላቸው። በሽብር የተከሰሱት ኮሎኔል ደመቀ በዚያው ዓመት ተፈቱ። ፈራጅ የነበረው ሕወሓት በሚያዝያ 2013 ራሱ አሸባሪ ተባለ፤ በመጋቢት 2015 ተነሳለት። ስሙ እንዲህ ከሰው ወደ ሰው ሲዞር በየተራው በስሙ የሞቱት ግን አልተነሱም፤ የማን ጥይት እንደገደላቸው የነገራቸውም የለም።

አሁን የሚሠራበት “ጽንፈኛ” የሚለው ቃል ከቀደሙት የሚለይበት አንድ ነገር አለ፤ እኔን ከሁሉ በላይ የሚያሳስበኝም እሱ ነው። በዐዋጅ ቁጥር 1176/2012 አንድን ድርጅት አሸባሪ ለማለት የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት መወሰን አለበት። ቢያንስ አንድ በር አለው፤ ይገባበታል፣ ይወጣበታል። ጽንፈኛ ለማለት ግን መግለጫ ማውጣት ይበቃል። በሚያዝያ 2015 የክልል ልዩ ኃይሎች መልሰው ይደራጁ ሲባል በጎንደርና በሌሎች የአማራ ከተሞች ሕዝብ መንገድ ወጣ፤ በሐምሌ መጨረሻ የአስቸኳይ ጊዜ ዐዋጅ ተደነገገ፤ ከዚያ ወዲህ የታጠቀውን ከተሰለፈው፣ የተሰለፈውን ከጻፈው የሚለይበት መስመር እየሳሳ ሄደ።

እንዲህ ያለ ቃል የሚጠቅመው መንግሥትን ብቻ አይደለም። በ2008 ክረምት ማብቂያ መተማ ዮሐንስ ላይ የትግራይ ተወላጆች ቤትና ንግድ ሲጠቃ፣ ብዙዎች ድንበር ተሻግረው ወደ ሱዳን ሲሸሹ፣ ያን ያደረገው ከሰማይ የወረደ አልነበረም። የሰብአዊ መብት ኮሚሽኑ በአማራ ክልል ከ11 ሺህ በላይ የትግራይ ተወላጆች መፈናቀላቸውን መዝግቧል። እኛ ግን “ሰርጎ ገቦች ናቸው” ብለን አለፍነው። “ሰርጎ ገብ” ስንል ጎረቤታችንን ከወንጀሉ እናወጣዋለን፤ ባለሥልጣኑ “ፀረ ሰላም” ሲል ወታደሩን እንደሚያወጣው ሁሉ። ሰልፈኛው ንጹሕ የሚሆነው ከመካከሉ ድንጋይ የወረወረውንና ቤት ያቃጠለውን በስሙ ጠርቶ ማውጣት ሲችል ነው።

መመርመር አይቻልም የሚል ቢኖር አዲስ አበባን ያስታውስ። ከምርጫ 97 በኋላ፣ በሰኔ 1997 እና በጥቅምት 1998 በተነሳው ሁከት፣ መንግሥት ሰልፈኞቹ ቦምብና ጠመንጃ ይዘው ነበር አለ። ፓርላማው አጣሪ ኮሚሽን አቋቋመ፤ ሰብሳቢው ዳኛ ፍሬሕይወት ሳሙኤል፣ ምክትላቸው ዳኛ ወልደሚካኤል መሸሻ ነበሩ። ኮሚሽኑ ሙታኑን ቆጠረ፤ 193 ሲቪልና 6 ፖሊስ። ከዚያ ዋናውን ጥያቄ ጠየቀ፤ ሰልፈኛው ታጥቆ ነበር ወይ? አልነበረም አለ። ጥይቱ ሕዝብ ለመበተን ሳይሆን ራስና ደረት ላይ ተነጣጥሮ የተተኮሰ ነው አለ። በ1998 በስምንት ድምፅ ለሁለት፣ የተወሰደው እርምጃ ከመጠን ያለፈ ነው ብሎ ወሰነ። ሁለቱም ዳኞች ከአገር ተሰደዱ። በቀጣዩ ዓመት ጥቅምት በአዲስ ሰብሳቢ ለፓርላማ የቀረበው ሪፖርት ያንኑ የሙታን ቁጥር ይዞ እርምጃው ተመጣጣኝ ነበር አለ። ቁጥሩ ሳይለወጥ ፍርዱ ተለወጠ።

እነዚያ ዳኞች የመንግሥት ሰዎች ነበሩ፤ የመረጣቸውም ፓርላማው ነው። አገር ውስጥ፣ በአገር ዳኛ፣ በወራት ውስጥ እውነቱ ሊገኝ እንደሚችል አሳይተዋል። በአንጻሩ በሰሜን አየርላንድ ደሪ ከተማ፣ እንደ ፈረንጆቹ ጥር 30 ቀን 1972 የብሪታንያ ወታደሮች 13 ሰው በሰልፍ ላይ ሲገድሉ የመጀመሪያው ምርመራ ወታደሮቹን ያመነ ነበር፤ ሟቾቹ ለማንም አደጋ እንዳልነበሩ በሁለተኛው ምርመራ እስኪረጋገጥ፣ እስከ ፈረንጆቹ 2010 ድረስ፣ 38 ዓመት ፈጀ። ኮኪትና መተማ ያን ያህል መጠበቅ የለባቸውም።

የሚጠየቀው ከባድ አይደለም። መኪኖቹ ምን ጫኑ? የተኩስ ትእዛዝ የሰጠው ማን ነው? የመጀመሪያው ጥይት ከየት ወገን ወጣ? የሟቹ ቁስል ከፊት ነው ከኋላ? በመተማ በየቤቱ የገቡት እነማን ናቸው፣ መሣሪያውን ማን ሰጣቸው? መልሱ የታጠቀ ቡድን በሕዝቡ ውስጥ እንደነበረ ቢያሳይ፣ ያኔ ስሙ ይነገር፤ እኔም እቀበላለሁ።

እስከዚያው ድረስ ጥር በመጣ ቁጥር በገንዳ ውሃና በኮኪት የሙት ዓመት ይደገሳል። በመተማም፣ የተሰደደውም በተሰደደበት፣ በዚያው ሳምንት ያስባል። ሁለቱ ቤቶች አይጠራሩም። ቀኑ ግን አንድ ነው።