ጨውን መሥራትና ጨውን ማወቅ

እንደሚታወቀው፣ በክፍል ውስጥ ካርቦን ስላለባቸው አኒዮኖች ስንነጋገር ካርቦኔትን ጠቅሰን እናልፋለን። ነገር ግን ከዚህ ለየት ያሉም አሉ። ከነዚህ አንዱ ክሮኮኔት ነው። አምስት ካርቦኖች ቀለበት ይሠራሉ፤ እያንዳንዱም አንድ ኦክስጅን ይይዛል፤ በጠቅላላው ሁለት ኔጌቲቭ ቻርጅ ይሸከማሉ። ከሁለት ፖታሲየም ጋር ሲዋሐድ ቢጫ ክሪስታል ይሆናል።

ለመሆኑ እንዴት ተገኘ? ቀደም ባለው ዘመን ፖታሲየምን ለማግኘት ፖታሲየም ካርቦኔትን ከከሰል ጋር በብርቱ እሳት ያግሉ ነበር። ታዲያ የወጣው ፖታሲየም ከካርቦን ሞኖክሳይድ ጋር ሲገናኝ ጥቁር ቅሪት ይተዋል። ጀርመናዊው ሊዮፖልድ ግሜሊን በ1825 እ.ኤ.አ. ቢጫውን ጨው ያገኘው ከዚሁ ቅሪት ነው። ቅሪቱ ውስጥ ያለው ቀለበት ባለ ስድስት ካርቦን ሲሆን፣ በውሃና በአየር ኦክሲጅን አማካይነት አንዱ ካርቦን ይወጣና አምስቱ ይቀራሉ።

ይሁን እንጂ ጨውን ማግኘት ግማሽ ሥራ ነው። መዝኖና አቃጥሎ የየንጥረ ነገሩን መጠን ማስላት ፎርሙላውን ይሰጠናል። አቶሞቹ እንዴት እንደተቀመጡ ግን አይነግረንም። ብዙዎቻችን ሰሌዳ ላይ ስንስለው ለሁለት ኦክስጅኖች ቻርጅ እንሰጥና ሦስቱን በድርብ ቦንድ እናስራለን። እንዲያ ቢሆን ኖሮ እኮ አንዳንዱ ቦንድ አጭር፣ አንዳንዱ ረጅም በሆነ ነበር!

በ1960 እ.ኤ.አ. አሜሪካዊው ሮበርት ዌስትና የሥራ ጓደኞቹ ቻርጁ በቀለበቱ ሁሉ እኩል የተዳረሰ ነው ሲሉ አስረዱ። የግሜሊን ጨው ክሪስታል በኤክስሬይ ተመርምሮ ውጤቱ የታተመው ደግሞ በ2001 እ.ኤ.አ. ነው። ይህንንም ያደረጉት ጃክ ደኒትዝና ባልደረቦቹ ናቸው። አኒዮኑ ጠፍጣፋ ሆኖ ተገኘ፤ በቀለበቱ ዙሪያ ያሉት ቦንዶችም ከሞላ ጎደል እኩል ናቸው። ጨው ከተሠራበት ጊዜ አንሥቶ ውስጡ እስከታየበት ድረስ 176 ዓመት አለፈ ማለት ነው።

እዚህ ላይ አንድ ማስጠንቀቂያ አለ። ጥቁሩ ቅሪት ሊፈነዳ ስለሚችል ይህ ሥራ በትምህርት ቤት ፈጽሞ አይሞከርም። ቀለበቱን በጭቃ ድቡልቡሎችና በስንጥር ሠርቶ ማሳየት ይበቃል።

እኛ እጩ መምህራን ከዚህ የምንወስደው ቁም ነገር ይኸው ነው። ተማሪ ፎርሙላ ሸምድዶ ሲመጣ «ጎበዝ» ብለን ብቻ አንለፈው፤ «በምን ታወቀ?» ብለን እንጠይቀው። ሣይንስ የሚጀምረው ከዚያ ጥያቄ ነውና።