አረጋውያን ከሥራ ሲያርፉ ከእንቅስቃሴ እንዳያርፉ

በአዲስ አበባ ሰሜናዊ ጫፍ፣ በጉለሌ ክፍለ ከተማ፣ ከሽሮ ሜዳ ወደ እንጦጦ የሚወጣው ዳገት ለብዙ ዓመታት ሁለት ዓይነት መንገደኛ ሲያስተናግድ ኖሯል። አንደኛው ለጤናው ሲል ሽቅብ የሚራመደው የከተማ ነዋሪ ሲሆን፣ ሁለተኛዋ የባሕር ዛፍ እንጨት ተሸክማ ቁልቁል የምትወርደው እናት ናት። የሁለቱም እግር ይንቀሳቀሳል፤ ጥቅሙ ግን አንድ አይደለም። 30 ኪሎና ከዚያም በላይ የሚመዝን ሸክም በጎበጠ ጀርባ ማውረድ ወገብንና ጉልበትን የሚጎዳ ድካም እንጂ የጤና ስፖርት ተብሎ ሊቆጠር አይገባውም። «ገበሬ ስፖርት ምን ያደርግለታል?» የሚሉ ሁሉ ይህን ልዩነት ቢያጤኑት መልካም ነው።

ይሁን እንጂ የገበሬ ማኅበር መሪዎችን ይበልጥ ሊያሳስብ የሚገባው ሥራውን የተወው ሽማግሌ ነው። አንድ ገበሬ መሬቱን ለልጆቹ አካፍሎ፣ ሞፈርና ቀንበሩን ሰቅሎ ሲቀመጥ፣ ወይም ከተማ ካለ ልጁ ዘንድ ሲገባ፣ ቤተሰቡ በአክብሮት «አባባ፣ እርስዎ ይቀመጡ» ይለዋል። ውኃውም ምግቡም ከተቀመጠበት ይቀርብለታል። ትናንት ከማለዳ እስከ ማታ ይሠራ የነበረው አካል ዛሬ መደብ ላይ ይውላል። ጉዳቱም የሚጀምረው ከዚህ ከአክብሮቱ ላይ ነው።

ጡንቻ ከምግብ ወደ ደም የሚገባውን ስኳር በብዛት የሚወስድ የአካል ክፍል ነው። የሰው ጡንቻ ከጎልማሳነት ጀምሮ ቀስ በቀስ እየቀነሰ ይሄዳል፤ ከ60 ዓመት በኋላ ደግሞ ቅነሳው ይፈጥናል። እንቅስቃሴ ሲጠፋ ስኳርን ወደ ጡንቻ የሚያስገባው ኢንሱሊን የተባለው ቅመም ኃይሉ ይደክማል። ስኳሩ በደም ውስጥ ይቀራል፤ ስቡም በሆድ ዙሪያ ይከማቻል። በዚህ ላይ ስኳር የበዛበት ሻይ፣ ለስላሳ መጠጥና ነጭ ዳቦ ሲጨመር ነገሩ ይብሳል።

በዚሁ በጉለሌ የሚገኘው የኢትዮጵያ የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት በ2007 ዓ.ም. በአገር አቀፍ ደረጃ ባካሄደው ጥናት፣ ዕድሜያቸው ከ15 እስከ 69 ዓመት ከሆኑት ሰዎች መካከል ከ100 ወደ 16 የሚጠጉት ከፍተኛ የደም ግፊት ተገኝቶባቸዋል። ደም ግፊት አብዛኛውን ጊዜ ሕመም ስለማያሰማ ካልተለካ አይታወቅም።

ዕድሜ ሲገፋ ጉልበት ያበቃለታል የሚለው እምነትም ሙሉ በሙሉ እውነት አይደለም። ማሞ ወልዴ በ1961 ዓ.ም. በሜክሲኮ ኦሊምፒክ ማራቶንን ሲያሸንፍ ዕድሜው 36 ዓመት ነበር። ጳጉሜን 5 ቀን 1964 ዓ.ም.፣ በዘመን መለወጫ ዋዜማ፣ በሙኒክ ሦስተኛ ሲወጣ 40 ሞልቶታል። እርግጥ ሽማግሌ ሁሉ ማራቶን ይሩጥ የሚል የለም። የዓለም ጤና ድርጅት በ2013 ዓ.ም. ባወጣው መመሪያ ዕድሜያቸው 65 ዓመትና ከዚያ በላይ ለሆኑ ሰዎች የመከረው፣ በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ ትንፋሽን ፈጠን የሚያደርግ እንቅስቃሴ፣ 2 ቀን ጡንቻን የሚያጠነክር ሥራ፣ 3 ቀን ደግሞ ከመውደቅ የሚያድን የሚዛን ልምምድ ነው።

ይህን ለመፈጸም የሚገዛ መሣሪያ የለም። ገበያና ቤተ ክርስቲያን ወይም መስጊድ በእግር ደርሶ መመለስ፣ ከምግብ በኋላ ጥቂት መራመድ፣ እጅን ሳይደገፉ ከበርጩማ ደጋግሞ መነሳትና መቀመጥ፣ ግድግዳ አጠገብ በአንድ እግር መቆም ይበቃል። የማኅበር መሪዎችም ለአረጋውያን የችግኝ እንክብካቤን የመሰለ ቀላል ሥራ ቢሰጧቸው፣ በስብሰባ ቀንም ከጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ጋር ተነጋግረው ደም ግፊት የሚለካበትን ሁኔታ ቢያመቻቹ ብዙ ሰው ከድንገተኛ ሽባነት ሊተርፍ ይችላል።

ጥንቃቄም ያስፈልጋል። የስኳር መድኃኒት የሚወስድ ሰው በባዶ ሆዱ ረጅም መንገድ መጀመር የለበትም፤ ላብና መንቀጥቀጥ ከመጣበት ወዲያው ጣፋጭ ነገር ይቅመስ። ደረቱን የሚጨንቀው እርምጃውን አቁሞ በፍጥነት ወደ ጤና ጣቢያ ይወሰድ። ስኳር ያለበት ገበሬ ደግሞ በባዶ እግሩ ባይሄድና ማታ ማታ እግሩን ታጥቦ በጣቶቹ መካከል ቁስል መኖር አለመኖሩን ቢያይ፣ ዓይኑ ከደከመም የልጅ ልጁ ቢያይለት ይሻላል።