ዋግ ቅጠልን በዳሰሳ ሲያነብ

ከደባርቅ ተነሥቶ የሊማሊሞን ጠመዝማዛ መንገድ የሚወርድ እግረኛ፣ ጉም ገደሉን ሲሸፍንበት ዓይኑን ትቶ በእግሩ መተማመን ይጀምራል። የመሬቱን ዘንበል ማለትና የድንጋዩን ጠርዝ በእግሩ እየዳሰሰ አቅጣጫውን ይለያል። በዚያው ጉምና ጤዛ በሚያርሰው ደጋ፣ በዳባትና በደባርቅ የስንዴና የገብስ ማሳዎች ላይ፣ በዓይን የማይታይ ሌላ መንገደኛም በዳሰሳ ይጓዛል። እርሱም ዋግ ነው።

ዋግ የደጋው ገበሬ ለዘመናት የሚያውቀው የሰብል ጠላት ነው። ስንዴን የሚያጠቁት የግንድ ዋግ፣ ቢጫ ዋግና የቅጠል ዋግ ሦስቱም በፈንገስ የሚመጡ በሽታዎች ሲሆኑ፣ የሚዛመቱት ነፋስ ከማሳ ወደ ማሳ፣ አንዳንዴም ከአገር ወደ አገር በሚበትናቸው ስፖሮች አማካይነት ነው። እንዲህ ያለው ስፖር አንድ ሕዋስ ብቻ ነው፤ ዓይንም ነርቭም የለውም። ታዲያ በሰፊው የቅጠል ገጽ ላይ የመግቢያ በሩን እንዴት ያገኛል? የዚህ ጥያቄ መልስ፣ ሕይወት ያላቸው ሕዋሳት የተቀመጡበትን ገጽ ቅርጽ ለይተው እንደሚያውቁ ከሚያሳዩት ግልጽ ማስረጃዎች አንዱ ነው።

በሩን ፍለጋ

የግንድ ዋግ ስፖር በስንዴ ላይ ሲያርፍ ለመብቀል ጤዛ ያስፈልገዋል። ርጥበቱን ካገኘ በጥቂት ሰዓታት ውስጥ ቱቦ የመሰለ ቀጭን ቡቃያ ያወጣል። የቡቃያው ስንቅ በስፖሩ ውስጥ የተከማቸው ምግብ ብቻ ነው። ዋግ ሕይወት ካለው ተክል ውጪ ሊመገብ ስለማይችል፣ ስንቁ ሳያልቅና ጤዛው ሳይደርቅ ወደ ቅጠሉ ውስጥ መግባት ይኖርበታል። የቅጠሉ ቆዳ ለዚህ ቡቃያ እንደ ግንብ ነው፤ በር የሚሆኑት ተክሉ አየር የሚያስገባባቸውና የሚያስወጣባቸው፣ ስቶማታ የሚባሉት ጥቃቅን ቀዳዳዎች ናቸው።

በስንዴ ቅጠል ላይ ስቶማታ የቅጠሉን ርዝመት ተከትለው በረድፍ የተደረደሩ ናቸው። ቡቃያው በርዝመቱ አቅጣጫ ቢጓዝ በሁለት ረድፎች መካከል ባክኖ ሊቀር ይችላል። ነገር ግን የቅጠሉ ቆዳ ሕዋሳት መጋጠሚያዎች የሚፈጥሩትን ጉብታና ስርጉድ እየዳሰሰ ረድፎቹን በአግድም ያቋርጣል፤ በዚህም ከአንዱ ቀዳዳ ጋር የመገናኘት ዕድሉን ያሰፋል። ከቀዳዳው ሲደርስ ጉዞውን ያቆምና ጫፉ አብጦ አፕሬሶሪየም የተባለውን የመግቢያ አካል ይሠራል። ከዚያም በቀዳዳው ዘልቆ የተክሉን ሕዋሳት መመገብ ይጀምራል። አየሩ ከተስማማው፣ ሁለት ሳምንት ባልበለጠ ጊዜ ውስጥ አዳዲስ ስፖሮች ከተክሉ ፈንድተው ይወጣሉ።

ግማሽ ማይክሮ ሜትር

ቡቃያው ቀዳዳውን የሚያውቀው በቅርጹ ነው ወይስ በሚወጣው ኬሚካል? በአሜሪካ የኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪ ሃርቪ ሆችና ባልደረቦቹ ይህን ለመለየት የቦሎቄን ዋግ መረጡ። የኮምፒውተር ቺፕ በሚሠራበት ዘዴ በሲሊከን ላይ ቁመታቸው በትክክል የታወቀ ጉብታዎችን ቀረጹ፤ ቅርጹንም ወደ ፕላስቲክ ገለበጡት። በፕላስቲኩ ላይ የተክል ሽታም ሆነ ጣዕም አልነበረም፤ የነበረው ቅርጽ ብቻ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1987 የታተመው ውጤት አስገራሚ ነበር። የጉብታው ቁመት 0.5 ማይክሮ ሜትር አካባቢ ሲሆን፣ ቡቃያዎቹ እውነተኛ በር ያገኙ ይመስል አፕሬሶሪየም ሠሩ። ቁመቱ ከ0.25 ማይክሮ ሜትር ሲያንስ ወይም ከ1 ማይክሮ ሜትር ሲበልጥ ግን ምልክቱ እጅግ ደከመ። በቦሎቄ ቅጠል ላይ ቀዳዳውን የሚከፍቱትና የሚዘጉት ጠባቂ ሕዋሳት ከንፈር ቁመትም ግማሽ ማይክሮ ሜትር ያህል ነው። የሰው ጠጉር ውፍረት ለመቶ ቢከፈል፣ ይህ ቁመት ከአንዱ እጅ ያንሳል።

የስንዴ ግንድ ዋግ በአንድ ጉብታ ብቻ በቀላሉ አይታለልም። እ.ኤ.አ. በ1997 የታተመ ጥናት እንዳመለከተው፣ 2 ማይክሮ ሜትር ያህል ቁመት ያላቸው በርካታ ጉብታዎች ተቀራርበው ሲደረደሩለት ግን በፕላስቲክ ላይም አፕሬሶሪየም ይሠራል። ቢጫ ዋግ በበኩሉ ብዙውን ጊዜ ጎልቶ የሚታይ አፕሬሶሪየም ሳይሠራ ይገባል። ስለዚህ አንዱ ዋግ የሚያነበው ፊደል ከሌላው ይለያል ማለት ይቻላል።

ቅርጽ እንዴት መልእክት ይሆናል?

የቡቃያው ጫፍ ከቅጠሉ ጋር በጥብቅ ተጣብቆ ያድጋል። ጉብታ ሲያጋጥመው የሕዋሱ ስስ ሽፋን ይታጠፋል፣ ይወጠራልም። እ.ኤ.አ. በ1991 ተመራማሪዎች በዚሁ የቦሎቄ ዋግ ሽፋን ላይ ውጥረት ሲሰማቸው የሚከፈቱ የፕሮቲን መተላለፊያዎችን አገኙ። በእነዚህ በኩል ካልሲየምን የመሳሰሉ ኤሌክትሪክ ያዘሉ ቅንጣቶች ወደ ውስጥ ሊገቡ ይችላሉ። ጋዶሊኒየም የተባለው ንጥረ ነገር መተላለፊያዎቹን ሲዘጋ አፕሬሶሪየም መሥራትም ይስተጓጎላል። ይህም የገጹ ቅርጽ በመጀመሪያ ወደ ውጥረት፣ ውጥረቱም ወደ ኬሚካዊ መልእክት እንደሚለወጥ ያመለክታል።

ችሎታው የፈንገስ ብቻ አይደለም። ሮስ ሃሪሰን ከ100 ዓመት በፊት፣ እ.ኤ.አ. በ1914፣ የእንስሳት ሽል ሕዋሳት በሸረሪት ድር ላይ ሲቀመጡ ክሩን ተከትለው እንደሚጓዙ አሳይቷል። ዛሬም በሰው አጥንት ውስጥ የሚተከሉ የቲታኒየም አካላት ሆን ተብሎ ሻካራ የሚደረጉት፣ የአጥንት ሕዋሳት ከለሰለሰው ይልቅ ሻካራውን ገጽ አጥብቀው ስለሚይዙት ነው።

ከገበታችን ጋር ምን ያገናኘዋል?

ኡጂ99 የተባለው የግንድ ዋግ ዝርያ እ.ኤ.አ. በ1998 በኡጋንዳ ታይቶ በ2003 ኢትዮጵያ ደረሰ። ዲገሉ የተባለው የስንዴ ዝርያ ይህን ዋግ ይቋቋም ስለነበር፣ ከ2010 የቢጫ ዋግ ወረርሽኝ በኋላ በስፋት ተዘራ። ሆኖም በ2013 ሌላ የግንድ ዋግ ዝርያ ተነሥቶ በባሌና በአርሲ የዲገሉን ማሳዎች አወደመ። በርካታ የመከላከያ ዘረ መሎች ሥራቸውን የሚጀምሩት ጠላት በሩን ካለፈ በኋላ ነው፤ ፈንገሱ ጥቂት ሲለወጥም መከላከያው ይፈርሳል።

በሩን መሰወርስ ይቻላል? በደቡብ አሜሪካ የሚበቅል አንድ የዱር ገብስ እንደሚቻል ይጠቁማል። የአንዳንዶቹ ተክሎች ስቶማታ በሰም ስለተሸፈኑ፣ የገብስ ቅጠል ዋግ ቡቃያ ረድፎቹን በትክክል ቢያቋርጥም ቀዳዳዎቹን ሳያውቃቸው ያልፋል። ይህ መከላከያ ሙሉ አይደለም፤ ተክሉ እንደ ልብ መተንፈሱም መረጋገጥ አለበት። ቢሆንም ከዘረ መል መከላከያው ጋር ተደርቦ ሁለተኛ አጥር ሊሆን ይችላል።

የሰሜን ተራሮች ግርጌ ገበሬዎች ከአባቶቻቸው የወረሷቸው የገብስና የስንዴ ዘሮች ቅጠልም በዚህ ዓይን ሊመረመር ይገባዋል። ጅማሬው ውድ መሣሪያ አይጠይቅም። ቀለም የሌለው የጥፍር ቀለም በቅጠል ላይ ቀብቶ፣ ሲደርቅ በግልጽ ፕላስተር አንሥቶ በትምህርት ቤት ማይክሮስኮፕ መመልከት በቂ ነው። የስቶማታ ረድፎች ከነጠባቂ ሕዋሳታቸው በአሻራው ላይ ይታያሉ። ከሁለት ማሳ የተወሰዱ ሁለት የዘር ዓይነቶችን አሻራ ጎን ለጎን አድርጎ፣ የቀዳዳዎቹን ብዛትና አደራደር መቁጠርና መመዝገብ ማንኛውም ተማሪ ሊጀምረው የሚችል ምርምር ነው።